ቀይ የተቀቡት ድንጋዮች

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን የወይራ መፋቂያ ሊቆርጡ ብለው ቀዮቹን ድንጋዮች ተሻግረው ገቡ። ጮህኩ።

ከአስመራ ወጣ ብሎ ያለውን የእግር መንገድ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ነጻነት በመጣ ሰሞን ነው ድንጋዮቹ ቀይ ተቀብተው የተገኙት። ቀይ ድንጋይ ደግሞ ፈንጂ ማለት ነው።

ከመንገዱ ወዲህ ያለው ወይራ ለማገዶ ያለቀው ድሮ ነው። ከድንጋዮቹ ወዲያ ግን ደን ነው። እሬቱ አብቧል፣ ቆቅ ጫጩቶቿን ትነዳለች፣ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። (እነሱን ፈንጂው ለምን እንደማይነካቸው ጠይቄ አላውቅም።)

«አደይ፣ ኧረ ይመለሱ!»

«ኣይፋል፣ ምንም አይደል፣ ፈንጂ የለም» አሉ ዘወር እንኳ ሳይሉ። «ያኔ ሰው ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ ጊዜ ባለቤቴ ነው የቀባቸው። አሁን እሱ ካረፈ ለማን ብዬ ልደብቅ?»

ቀለሙን ከየት አመጡት እንዳልል፣ የግቢያቸው በር እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

አመንኳቸው። እግሬ ግን እምቢ አለኝ፤ መፋቂያዬን ከድንጋዮቹ ወዲህ ቆሜ ተቀበልኩ።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ በውሸት የተረፈ ዛፍ አለ? ጻፉልኝ። ቦታውን ብቻ እንዳትናገሩ።