የታንቲ ኤልፍሪዳ ወገብ

አገሬው ሁሉ ታንቲ፣ ማለትም አክስቴ፣ የሚላቸውን ኤልፍሪዳን ወገባቸውን እንደሚያማቸው በደሴቷ ላይ በምትገኘው ጓቭ ከተማ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ሌላው ይቅርና አንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ልጃቸው ደንስታንና ሚስቱ ቬርሊን እንኳ አያውቁም። ታንቲ ዕድሜያቸውን ሙሉ በገውዝ ቅመም መጋዘን ውስጥ ጎንበስ ብለው ፍሬ ሲለቅሙ፣ ጆንያ ሲጎትቱ ነው የኖሩት። ባልደረቦቻቸው አንዷ ጉልበቴን፣ ሌላዋ ትከሻዬን እያሉ ሲያቃስቱ እሳቸው ይስቁባቸው ነበር። በተለይ ጎረቤታቸውን አይስሜይን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተዋታል።

"አንቺ እኮ ከእናትሽ ሆድም እያቃሰትሽ ነው የወጣሽው!" ይሏታል። መጋዘኑ በሳቅ ያውካካል።

እንዲህ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ እንግዲህ በየትኛው አፋቸው "እኔንም አመመኝ" ይበሉ?

ስለዚህ ደበቁት። ጠዋት በሩን ዘግተው፣ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው፣ ትራሱን ነክሰው ይነሣሉ። ከወደብ አጠገብ ካለችው ሱቅ ማስታገሻ ክኒን በፍሬ እየገዙ፣ በመሐረብ ቋጥረው ከጡታቸው ሥር ይሸጉጣሉ። ሲያማቸው አንድ፣ ሲብስባቸው ሁለት ይውጣሉ። ከመድኃኒትም አይቆጥሩት። መድኃኒት ማለት ለእሳቸው ጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው የደም ግፊት ክኒን ነው። እሱንማ በሰው ፊት፣ በኩራት ነው የሚወስዱት። ግፊት በደሴቲቱ የማያሳፍር በሽታ ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ አለበት፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ "ያንቺ ስንት ገባ?" ይባባሉበታል።

ግን ግፊታቸው አልወርድ አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ኖኤል ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ራሷን ነቀነቀች።

"ታንቲ፣ ክኒኑን በሥርዓቱ እየወሰዱ ነው?"

"አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም።"

"ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

"ምንም።"

"የሚያምዎትስ?"

"እኔን? እኔን አይስሜይ አደረግሽኝ እንዴ?"

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ሲስተር ኖኤልም ፈገግ አለችና፣ "እንግዲያው ጨው ነው የሚሆነው። ቤት የሚያበስለው ማነው?" አለች።

የሚያበስለው ምራታቸው ናት። ታንቲ ይህችን ነገር በልባቸው ይዘው ወጡ፤ መንገድ ላይ አደገች፤ ቤት ሲደርሱ ትልቅ ሆና ነበር። ቬርሊን ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለጠረጠረው ሁሉ ይመቻል። ድስቱ ላይ ጎንበስ ስትል ያዩዋታል፤ እጇን ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ስታመላልስ ያዩዋታል። "እኔ ስሞት ቤቱ ለማን ሊሆን ነው?" የሚል ክፉ ሐሳብም መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ።

አንድ እሑድ ግቢያቸው ውስጥ ኦይል ዳውን የሚባለው የአገሩ ወጥ ተጣደ። የዳቦ ፍሬው፣ ካላሉ የሚባለው ጎመን መሰል ቅጠል፣ የጨው ሥጋው በኮኮናት ወተት ተንተክትኮ ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። የደንስታን የጀልባ ጓደኞች መጡ፤ አይስሜይም ወንበሯን ተሸክማ መጣች። ቬርሊን ለታንቲ የሚሆነውን የጨው ሥጋ በሌለበት ትንሽ ድስት ለብቻ ሠርታ አቀረበች። በዚያን ቀን ወገባቸው ከጠዋት ጀምሮ በጩቤ እንደሚወጋ ሰው ያደርጋቸው ነበር፤ ሁለት ክኒን ውጠውም አልተዋቸው። አንድ ጊዜ ጎረሱና መሬት ላይ ተፉት።

"ጨው! ጨው ነው!" ብለው ጮኹ። "ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው! ቤቴን ፈልጋ ነው በጨው የምትቀብረኝ!"

ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ደንስታን፣ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ብሎ ተነሣና ከሳህናቸው ቀመሰ። "ምንም ጨው የለውም እኮ፤ ነይ ራስሽ ቅመሺው" አላቸው። እሳቸው ግን አንዴ ከአፋቸው ወጥቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዲያውም ጨመሩበት፤ የልጅቱን እናት ጭምር አነሡ። ቬርሊን የወጥ ቤት ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈች፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ በዚያው ወጥታ ቪክቶሪያ ከተማ ወደሚገኘው እናቷ ቤት ሄደች። ደንስታንም ከባሕር በተመለሰ ቁጥር መረቡን እዚያው ማድረቅ ጀመረ።

ታንቲ ብቻቸውን ቀሩ። ውኃውን እሳቸው፣ ልብሱን እሳቸው፣ ማገዶውን እሳቸው። የሚበሉት ሙዝና ዓሣ የጨው ቅንጣት አልነካውም፤ ጣዕሙ ከወረቀት አይለይም። ሥራው ሲበዛ ወገባቸው ባሰ፤ ወገባቸው ሲብስ ክኒኑ በዛ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን ደረታቸውን ነፍተው ነበር፤ አሁን ምራቴ የለችም፣ ግፊቴ ወርዶ እውነቱ ይወጣል ብለው።

ሲስተር ኖኤል ለካች። ፊቷ ተለወጠ። ግፊቱ ከበፊቱም አሻቅቧል።

"ይነሡና በሌላኛው ክንድዎ ልየው" አለቻቸው።

ታንቲ ሊነሡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ወገባቸው ተቆለፈ። አግዳሚውን ጨብጠው ቀሩ፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሲስተር ኖኤል ሴቶቹን ውጪ እንዲጠብቁ ነገረቻቸው፤ በሩን ዘጋችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ቀስ ብለው፣ "ባሌ ሳይሞት በፊት ጀምሮ" አሉ።

"እና ምን እየወሰዱ ቻሉት?"

ታንቲ መሐረቡን ከጡታቸው ሥር አወጡና ፈቱት። ሲስተር ኖኤል ክኒኖቹን አየች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

"ታንቲ፣ ይሄ እኮ ነው። ይሄ ክኒን ጨውንና ውኃን ሰውነትዎ ውስጥ ይዞ ያስቀራል፤ ኩላሊትም ይጎዳል፤ እኔ የምሰጥዎትንም መድኃኒት ያዳክመዋል። ሕመሙ ራሱስ ቢሆን? ሰውነት ፋታ አጥቶ ሲታመም ልብም ፋታ አያገኝም። እኔ ግፊቱን ወደ ታች ስስብ እርስዎ ወደ ላይ ሲስቡ ከረምን። ለምን አልነገሩኝም?"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ታንቲ ግን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም የሚያስቡት። ያች የተጣጠፈች ሽርጥ ናት ዓይናቸው ላይ የመጣችው። ፊታቸው ነደደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ሲስተር ኖኤል ሌላ ዓይነት ማስታገሻ ሰጥታ፣ እንዴት እንደሚተኙና ወገባቸውን እንዴት እንደሚያፍታቱ ስታሳያቸው፣ ራሳቸውን ቢነቀንቁም አንዱንም አልሰሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁሉንም እንደገና ማስረዳት ነበረባት።

ልጃቸውን፣ "ሚስትህን፣ እናቴ ነይ ብላሻለች በላት" አሉት።

"ያባረርኳት እኔ ነኝ? ያባረርሻት አንቺ፤ ሂጂና ንገሪያት" አለ ደንስታን፤ ከመረቡ ላይ ቀና ሳይል።

ብዙ ቀን አመነቱ። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍረው ቪክቶሪያ ሄዱ። ቬርሊን ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኟት። እናቷ በረንዳ ላይ ነበረች፤ ግቡም አላለች።

"ጨው አልነበረም" አሉ ታንቲ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። "የኔ ክኒን ነው። ወገቤን ያመኝ ነበር። አንቺ ምንም አላደረግሽም።"

ቬርሊን የያዘችውን አንሶላ አራግፋ ሰቀለች።

"ታንቲ፣ ያኔ አገር እየሰማ ነው የሰደቡኝ" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "አሁን የሚሰማው ይሄ ገመድ ብቻ ነው።"

ታንቲ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ቀጥሎ ባለው እሑድ ድስቱ የተጣደው አይስሜይ ግቢ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ደንስታን ቬርሊንን ይዞ መጥቷል። ታንቲ ተነሥተው ቆሙ። በመጋዘን ውስጥ ሰውን ሁሉ ሲያስቁበት የኖሩት አፍ ተሳሰረባቸው።

"ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው" አሉ። "ልጅቷ ጨው አልጨመረችም። እኔ... እኔ ወገቤን ታማሚ ነኝ። ስንት ዓመቴ። ተደብቄ ክኒን እውጥ ነበር፤ ግፊቴን ያናረው እሱ ነው። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጉሮሮውን ጠረገ። አይስሜይ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

"ሰማችሁ? ለካ ኤልፍሪዳም ወገብ አላት!" ብላ ጮኸች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ታንቲ አብረው አልሳቁም፤ እንባቸው መጣ። አይስሜይ ይህን ስታይ ሳቋን ዋጠች፤ መደገፊያ ያለውን የራሷን ወንበር ጎትታ ከኋላቸው አስጠጋችላቸው። "ተቀመጪ፣ አንቺ ግትር። እንደዚህ ተገትረሽ ቆመሽ አይድንም" አለቻቸው።

ቬርሊን ወደ ቤታቸው አልተመለሰችም። ከደንስታን ጋር ሌላ ቤት ተከራዩ። የጤና ጣቢያ ቀን ሲሆን ግን ትመጣና ታንቲን ይዛ ትሄዳለች፤ ዳገቱ ላይ ቆም ብላ ትጠብቃቸዋለች። ግፊታቸው ቀስ እያለ ወርዷል፤ ወገባቸው ጨርሶ ባይተዋቸውም ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣቸዋል። ሲስተር ኖኤል "ጎበዝ! ወረደ እኮ!" ስትላቸው ቬርሊን ፈገግ ትላለች። ታንቲ ግን ያን ጊዜ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ፤ ክንዳቸው ላይ የተጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ ለመፍታት ይጣደፋሉ።