በሀረጎ ውርጭ የቆረጥነው ጽድ

ትእዛዙ የመጣው በታኅሣሥ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። «ሀረጎ ላይ መንገዱን ዝጉ» ተባልን። ጠላት ኮምቦልቻ ላይ ካሚዮኖቹን ሲያሰልፍ ውሏል። ከመንገዱ በታች ያሉት መንደሮች ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላላችሁ ተብለው ሊቃጠሉ ነው። ሕዝቡ ጎህ ሲቀድ ሕፃናቱንና ከብቱን ይዞ መንገዱን ሊሻገርና ወደ ተራራው ሊወጣ ተስማምቷል። ካሚዮኖቹ ከቀደሙት ግን ማለቁ ነው።

ልጆቼ፣ ጦር ሜዳ ሲባል ለእናንተ የሚታያችሁ ተኩስ ነው። እኛን በዚያ ወር ያሠቃየን ውርጭ ነበር። አብዛኞቻችን የውጭ ሥራ ሰዎች ነን። እኔ ደሴ ውስጥ የጭቃ ቤት መራጊ ነበርኩ። ውርጭ ያደረበት ጭቃ ፀሐይ ሲያገኘው ከግድግዳው እየተፈረፈረ ይወርዳል፤ ስለዚህ በታኅሣሥ ማለዳ ምርጊት አልነካም። ጓደኛዬ አስፋው ደግሞ ጎጆ ከዳኝ ነው፤ ውርጭ ያንሸራተተውን ጣሪያ አይወጣም። በሰላሙ ጊዜ ፀሐይ እስኪሞቅ ተቀምጠን ብናወራ ማንም ሰነፍ አይለንም ነበር። ጦርነት ግን ፀሐይ እስኪሞቅ አይጠብቅም።

ዛፍ ቆራጫችን ሰይድ ነበር። ገራዶ አካባቢ ጽድና ባሕር ዛፍ ሲጥል ያደገ፣ ቀልደኛ ሰው። በዚያ ሌሊት መንገዱን በትልቅ ጽድ ልንዘጋ ሀረጎ ስንደርስ የሁላችንም እጅ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ሰይድ ከስንቁ ትንሽ ቅቤ አውጥቶ አደለን። አስፋው ጾመኛ ነውና አመነታ።

«እጅህም ይጾማል እንዴ?» አለው ሰይድ።

ሳቅን። ከዚያ በኋላ የሳቅንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ጣት ሲደነዝዝ ምሳር ከእጅ ያመልጣል፤ ቅቤ ሲቀቡት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሰይድ እንደ ሙያ ወገኖቹ ቀኝ እጁን ከምሳሩ ዛቢያ ጋር በጨርቅ አሰረ። ቋጠሮው ሲስቡት የሚፈታ ነው። የጨርቁን ጫፍ በጥርሱ እንደነከሰ ዛፉን ይቆርጣል፤ ዛፉ ማዘንበል ሲጀምር በጥርሱ ስቦ ይፈታና ምሳሩን ትቶ ይሸሻል። እንጨት ቆራጭ በውርጭ ሲቆርጥ የማያወራው ለዚህ ነው።

እሳት ማንደድ ተከልክለናል፤ ከታች ይታያል። አለቃችን ባላምባራስ ይመር «ቶሎ በሉ!» ይላሉ በሹክሹክታ። ሰይድና አስፋው ፊት ለፊት ቆመው ተራ በተራ ይመታሉ። በኋላ አስፋው እጁ አልታዘዝ አለውና ወደኛ መጣ። እኛ በጠፍር ዛፉን ወደ መንገዱ እንስባለን።

ጎህ ቀደደ። የካሚዮን ድምፅ ከታች ተሰማ።

ውርጭ የመታው ጽድ ጠማማ ነው፤ ቀስ ብሎ አይወድቅም። እኛ ገና ነው ስንል ግንዱ ከሥሩ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀና ወደኛ ዞረ። አላየነውም፤ ወደታች ወደ ካሚዮኖቹ ነበር የምናየው። ሰይድ አየ።

«ሽሹ!» ብሎ ጮኸ።

ሸሸን። ዛፉ እኛ ቆመንበት የነበረውን መንገድ ሞልቶ ተጋደመ። ዞር ስል ሰይድ እዚያው ነው። ሲጮህ የጨርቁ ጫፍ ከጥርሱ አምልጦታል። ምሳሩ ስንጥቁ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። በግራ እጁ ቋጠሮውን ይፈልጋል፤ የደነዘዘ ጣት ግን ምን ያገኛል? ተሰንጥቆ የቀረው የግንዱ ክፋይ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። ስንደርስ ትንፋሹ የለም። አስፋው እያለቀሰ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው።

ካሚዮኖቹ መጥተው ከወደቀው ዛፍ ፊት ቆሙ። ጉም ወርዶ ስለነበር ወታደሮቹ ከካሚዮን ለመውረድ ፈሩ፤ ወደ ላይ ዝም ብለው ተኮሱ። ሕዝቡ ከእኛ በላይ መንገዱን እየተሻገረ ነበር። የመጨረሻዋ ላም ስታልፍ ሬሳውን ተሸክመን ተከተልን። ተራራው ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው ሸፈኑት። «አባባ፣ ይበርድዎታል» ብንላቸው «አብሽር ልጄ፣ መሄድ ያሞቃል» አሉ።

በዚያ ማለዳ ከእኛ የሞተው ሰይድ ብቻ ነው። ከሕዝቡ አንድም ሰው አልጎደለም።

ለሚስቱ ለዘይነባ መርዶውን የነገርናት እኔና አስፋው ነን። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ሙስሊም ሲሞት ስለሚለው የእምነት ቃል ጠየቀችን።

«ሸሃዳ ብሎ ነው የሞተው?»

አስፋው አንገቱን ደፋ። መዋሸት አማረኝ፤ ፊቷን ሳይ ግን አቃተኝ።

«ሽሹ ነው ያለን፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም» አልኳት።



«አላህ ሰምቶታል» አለች። ከዚያ ተነሥታ ለእኛ ውሃ አሞቀችልንና እጃችንን ታጠብን።