ባሕር የገባችው ሴት

አረጋሽን ቅናተኛ ናት ብትሏት ትቀየማችኋለች። በሰው ቤት፣ በሰው ባል፣ በሰው መኪና ቀንታ አታውቅም፤ ይህን ጎፋ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቿ ሁሉ ይመሰክሩላታል። የምትቀናው በአንድ ወንበር ብቻ ነበር። ወንበሩ ያለው ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የሕፃናት መዋያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከአምልኮ መልስ፣ የኦፔራ ወዳጆች ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ ያደጉ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲገጥም ልባቸው የሚርድ ሰዎች። እንደ ዙሌካ ያሉም አሉ፤ መካኒሳ አቦ ልብስ ትሸጣለች፣ ሱቋን ዘግታ ነው የምትመጣው። ወጉ የታወቀ ነው። ተራኪው ያቺ ወንበር ላይ ይቀመጥና ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ያወራል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይከፈታል፣ በመጨረሻ ሻይና ዳቦ ይቀርብና ጨዋታ ይሆናል። ከአረጋሽ በቀር ጣሊያንኛ የሚሰማ ሰው ስለሌለ፣ እሷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።

ለረጅም ዘመን ተራኪዋ አረጋሽ ነበረች። በወጣትነቷ የአንድ ጣሊያናዊ ሥራ ተቋራጭ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ቋንቋውንም ኦፔራውንም ከዚያ ቤት ለመደች። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። እሑድ ከሰዓት ያቺ ወንበር ላይ ስትቀመጥና አዳራሹ ጸጥ ሲል ግን የጎደለባት ነገር አልነበረም።

ኦፔራ ደግሞ ጨዋ ነገር አይደለም። አንዷ ባሏን ጥላ ትኮበልላለች፣ አንዱ ወዳጁን በጩቤ ይወጋል፣ ሌላው መርዝ ይጠጣና መርዙ በሆዱ እያለ ግማሽ ሰዓት ይዘፍናል። አረጋሽ ይህንን እንዳለ ብታወራላቸው እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሚቀጥለው ወር ብቅ እንደማይሉ ገና ከጅምሩ ገባት። ስለዚህ ታሪኮቹን ታስተካክላቸው ጀመር። ውሽማው እጮኛ ሆነ፤ መሸታ ቤቱ ሆቴል ሆነ። መጀመሪያ ጊዜ ላቧ መጥቶ ነበር። ኋላ ግን ለመደችው፤ እንዲያውም ከደራሲዎቹ ይልቅ እኔ አሳምሬዋለሁ ማለት ቃጣት።

ከሁሉ በላይ ያስተካከለችው የአንዲትን የወደብ ከተማ ሴት ታሪክ ነው። በኦፔራው ውስጥ ሴትየዋ ከመርከበኛ ጋር ትኮበልላለች፤ እሱ ይከዳታል፤ እሷም እየረገመችው ባሕር ገብታ ትሞታለች። በአረጋሽ አፍ ግን ሴትየዋ ንስሐ ገባች፣ ባሕር የገባችውም ልትጠመቅ ነው፣ ያ መጨረሻ ላይ ጣራ የሚነካው ድምፅም ከውኃው ስትወጣ የምታቀርበው ምስጋና ሆነ። ድምፁ ከፍ ሲል አዳራሹ በአንድ አፍ «አሜን» ይላል። ያንን «አሜን» አረጋሽ እንደ ደመወዝ ትቀበለው ነበር።

እንዲህ እያለ ዶርቃ መጣች። ዶርቃ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ በልጅነቷ እናቷ ይዛት ስትመጣ ከፊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር። ባለፈው ክረምት አረጋሽን ጉንፋን ድምፅ ሲነሳት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ተብሎ ወንበሩ ለዶርቃ ተሰጠ። በሚቀጥለው ወር ዙሌካ አረጋሽን ደስ ያሰኘች መስሏት፣ ልጅቷ መሐል ላይ ራሷ እያዜመች እንደምታወራ፣ እሷን ሲሰሙ ለኋላ የተዘጋጀው ሻይ እንኳ እንደቀዘቀዘባቸው ነገረቻት። አረጋሽ ፈገግ አለች። በሷ ጊዜ ሻይ ቀዝቅዞ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የዶርቃ ነገር ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። አለባበሷ ለታይታ መሰላት፤ ትሕትናዋ ተንኮል መሰላት፤ በር ላይ ሦስት ጊዜ ጉንጯን ስማ «እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስትላት እንኳ መቼ ነው የምትሞቺው ያለቻት ያህል ይቆጠቁጣታል። ይባስ ብሎ ሰብሳቢው ጋሽ ወጋየሁ፣ ጡረታ የወጡ የመዘምራን መሪ ናቸው፣ ቋሚ ተራኪ እጅ በማውጣት ይመረጥ አሉ። ከምርጫው በፊት ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ እንዲተርኩ ተወሰነ። አረጋሽ በመጀመሪያው ወር ተረከች፤ ጥሩም ተረከች። በሁለተኛው ወር ተራው የዶርቃ ሆነ። የመረጠችውም የወደብ ከተማዋን ሴት ነው።

አረጋሽ ይህን ስትሰማ ፈራች። ዛሬ ሁሉ ነገር ከስልክ ላይ ተተርጉሞ ይገኛል፤ ልጅቷ እውነቱን አግኝታ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው አለች። እሑድ ከጎፋ ታክሲ ይዛ እስክትደርስ ድረስ መልሷን ስታሰናዳ መጣች። የኦፔራ ታሪክ ከከተማ ከተማ ይለያያል ልትል ነው።

ዶርቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። ሴትየዋ ኮበለለች፣ መርከበኛው ከዳት። ከዚያ ሴትየዋ ንስሐ ገባች። ልትጠመቅም ወደ ባሕሩ ወረደች።

አረጋሽ እፎይ አለች፤ እፎይታው ግን አልቆየላትም። ዶርቃ ታሪኩን አረጋሽ ካሳመረችው አስበልጣ አሳመረችው። ዳር ቆማ የምታለቅስ እናት ጨመረችበት፤ ነጭ ነጠላ ጨመረችበት፤ ሴትየዋ ውኃው ደረቷ ሲደርስ ዘወር ብላ እናቷን እንድታይ አደረገቻት። ከዚያ በለስላሳ ድምፅ የዜማውን መጀመሪያ አዜመችላቸው። ዙሌካ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ማጉያው ገና ሳይከፈት፣ አንድ ሰው ሳያስተውለው አምልጦት «አሜን» አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ለአረጋሽ «አሜን» የመጣላት ሁልጊዜ ዘፋኟ ከጮኸች በኋላ ነበር። ለዚህች ልጅ ግን ያለ ዘፋኟ መጣላት፤ ያውም በአረጋሽ ውሸት። መቆሟን እንኳ ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

«አልተጠመቀችም» አለች። «ራሷን ነው የገደለችው። የምትዘፍነውም ምስጋና አይደለም፤ ሰውየውን እየረገመች ነው።»

ዶርቃ ደነገጠች። የመለሰችው ግን ለክርክር አልነበረም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከእርስዎ ነው የሰማሁት።»

ሰው ሁሉ ጋሽ ወጋየሁን ሰርቆ ያይ ጀመር። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ያንን ዜማ ለቅሶው ቤት አስከፍተው፣ የመጣው ሰው ሁሉ ራሱን ደፍቶ «አሜን» ብሎበት ነበር።

«እርግማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ» አለች አረጋሽ።

«ሌሎቹስ ታሪኮች?»

«እነሱንም አስተካክዬ ነው ያወራኋቸው» አለች። ጋሽ ወጋየሁ ቁጣ የለባቸውም፤ ድምፃቸው የደከመ ነበር።

«እሺ፣ እንዳንርቅ ብለሽ ይሆናል፤ እሱን ይቅር ልንልሽ እንችላለን» አሉ። «እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ነበርሽ። ‹አሜን› ስል አጠገቤ ተቀምጠሽ ዝም ያልሽውን፣ ለምንድን ነው ዛሬ የነገርሽኝ?»

የአረጋሽ ዓይን ሳታስበው ወደ ወንበሩ፣ ወደ ዶርቃ ሄደ። ጋሽ ወጋየሁ ዓይኗን ተከትለው አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቋትም።