ኤላው ዳር ምን ታደርጋለህ?

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚያወርደውን ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር እንለዋለን። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጫቅጩ የሰማ ሰው ስሙ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ከነሱ መሀል ግን አው ዓብዱላሂ ቡሽራ በየመሀሉ መኪናቸውን ያቆሙ ነበር። ያኔ ደንበኛው ጉድ ፈላበት።

በ1970 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሆነው ኦጋዴን ዘምተዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ አስቀምጠው፣ እየሰፉ ያወሩለታል።

«ከባቢሌ ወዲያ ነህ። አንተም ጓድህም ሁለት ቀን ውሃ አልቀመሳችሁም። ኤላ፣ የውሃ ጉድጓድ ታገኛለህ። ኤላው ዳር የዚያኛው ወገን ወታደር ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዳፉ ይጠጣል። አንተን አላየም።»

ከዚያ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሣሉ። «ምን ታደርጋለህ?»

ደንበኛው ካልመለሰላቸው አይሰፉም። «እተኩሳለሁ» ላለ፣ የሟቹን ኪስ ያስፈትሹታል፤ ተስቢህ ያገኛል፣ ፍሬዎቹ ከመቆጠር ብዛት የለሰለሱ የጸሎት መቁጠሪያ። «እጅህን ስጥ እለዋለሁ» ላለ፣ የወታደሩ ጓዶች ከቁጥቋጦ ይወጡበታል። «ዞሬ እሄዳለሁ» ላለ ደግሞ ጓዱ በውሃ ጥም እጁ ላይ ያልፍበታል።

ጎረቤታችን በለጡ አንድ ቀን ተማረረች። «አው ዓብዱላሂ፣ ቀሚሴን ስጡኝና ልሂድበት። እኔ ጦር ሜዳ አልወረድኩ።»

«አሁን ወርደሻል፣ በለጡ።»

«እንግዲያው አብረን እንጠጣለን።»

«እሱም እንዳንቺ ካሰበ» አሉና ቀሚሷን አጥፈው ወደ ጎን አስቀመጡት። ቀሚሱ የተጨረሰው በሳምንቱ ነው።

በ1977 ዓ.ም. የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለገሠ መጣ። «ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ልጆች ነገ እንሸኛለን። የኤላውን ታሪክ ይንገሩልን። ግን ጥያቄ የለም፤ ተኮስኩ ይበሉ።»

«ባልልስ?»

«ይቺ የሚሰፉባት ቦታ የቀበሌ ናት። ያውቃሉ።»

አው ዓብዱላሂ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ቤታቸው ሰባት ነፍስ አለ።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። የበለጡ ልጅ እንደሻውም ከተሸኚዎቹ መሀል ተቀምጧል። አው ዓብዱላሂ እያወሩ ኤላው ዳር ደረሱና ቆሙ። ለገሠ ከፊት ወንበር ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተኮስኩ» አሉ።

ጭብጨባ ሲጀመር እጃቸውን አነሡ። «አልጨረስኩም። ተኮስኩ፣ ከዚያ ጠጣሁ። ጓዴም ጠጣ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። የገደልኩት ልጅ ተስቢህ ግን እኔ ቤት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሱሪ ያመጣውንም ኮት ያመጣውንም የምጠይቀው፣ ሁላችንም የምንጠጣበትን መንገድ ያገኘ ሰው ካለ ብዬ ነው። እስካሁን አላገኘሁም። እናንተ እዚያ ስትደርሱ፣ እኔ ያላሰብኩትን ያህል አስቡልኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። በለጡ ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ቀጥሎ እንደሻው ተነሣ፣ ከዚያ ልጆቹ በሙሉ፣ ከዚያ እኛ። ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል፤ ሳይታዘዝ የተነሣንበት ያ ብቻ ነው። ስወጣ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር «ልብስ ሰፊያችን ናቸው» እያልኩ ነበር።

አው ዓብዱላሂ ከሚሰፉባት ቦታ አልተባረሩም። ከበላይ የመጣ ካድሬ ምነው ዝም አልካቸው ብሎ ለገሠን ሲያፋጥጠው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ምን ብዬ ልክሰሳቸው?» አለ ለገሠ። «ተኮስኩ ይበሉ አልኳቸው፤ ተኮስኩ አሉ።»