የእናቴ ክትባትና የሐኪሙ ጥያቄዎች

ይህ የሆነው አምና፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ነው። ነገሩ ብዙ አልቆየም፤ ያን ቀን የደነገጥኩትን ድንጋጤ ግን እስካሁን አልረሳውም።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ የሺ፣ በመጨረሻ ዘመኗ የገዛ ልጆቿን "እናንተ የማን ናችሁ?" እያለች ነው ያረፈችው። ከዚያ ወዲህ ስለ መርሳት በሽታ ያላነበብኩት ነገር የለም። ቤተሰቡ "ዶክተሯ መጣች" እያለ ያሾፍብኛል። የደም ግፊትን በመድኃኒት መቆጣጠር ለአእምሮም ሊጠቅም እንደሚችል አንብቤያለሁ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ነው። ያ ሰውነት ላይ ሽፍ ብሎ እንደ እሳት የሚለበልበው በሽታ እንዳይመጣ የሚሰጠው ክትባት የመርሳት በሽታንም ሳይቀንስ አይቀርም ይላሉ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ጥያቄው እረፍት ነሳኝ።

እናቴ እንደመጣች ኪሊማኒ ሰፈር፣ ቤታችን አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ልጄ ናርዶስም አብራን መጣች። ዶክተሩ ረጋ ያለ ኬንያዊ ነው። ጥያቄዬን ከሰማ በኋላ፣ "ክትባቱ የሚሰጠው ለአልማዝ ባለጭራ ነው። ሌላው ገና እየተጠና ነው፤ ደስ የሚል ተስፋ አለው፣ ግን ቃል አልገባልሽም" አለኝ። የአክስቴን ነገር ስነግረው የእናቴን የማስታወስ ችሎታ በጥቂት ጥያቄዎች ልየው አለ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ መለስኩት። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። "ልጆች ሁሌም እንዲህ ናችሁ" ብሎ እየሳቀ አስወጣኝ። አስተርጓሚዋ ናርዶስ ሆነች፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትተረጉምም አስጠነቀቃት።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በሩ በሩን ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ ናርዶስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች።

"ማሚ፣ እማማ ኢዝ ኖት ኦኬ" አለችኝ።

አክስቴ የሺ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ስገባ ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ ነበር። "ዓመቱን ስጠይቃት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰችብኝ። ወሩን ስላት አሥራ ሦስተኛው ወር ነው አለችኝ። ያልገባኝ ሰዓቱ ነው። 'አራት ሰዓት ተኩል' አለች። በእኛ በስዋሂሊ አቆጣጠር ልክ ነው! ሰዓቱን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ስምንት ዓመት እንዴት ይጠፋበታል?"

ወደ እናቴ ዞርኩ። "እማዬ፣ ወሩ ምንድን ነው?"

"ጳጉሜ ነዋ! ናርዶስ ጳጉሜን አላውቅም ስትለኝ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ናት አልኳት። ዛሬ ምን ነክቷችኋል?" አለች ቆጣ ብላ።

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ሰዓታችን እንደ ስዋሂሊው ቢሆንም የእኛ አገር ዘመን አቆጣጠር ሌላ እንደሆነ፣ ጳጉሜ የምትባል ትንሽ ወር እንዳለችን አስረዳሁት። ዶክተሩ ግንባሩን መታ። ከዚያ የጳጉሜ ነገር ልቡን ሰረቀውና ጠያቂው እሱ፣ መላሿ እናቴ ሆኑ። ናርዶስም እንደ እሱ አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ እንቁጣጣሽን ታውቃለች እንጂ ዓመቱ ራሱ ሌላ ቁጥር እንዳለው ልብ ብላ አታውቅም። ሌሎቹን ጥያቄዎች እናቴ አንድም ሳትስት ነበር የመለሰችው። እዚያው ተከተበች። ጾም በገባ ቁጥር የደም ግፊት ክኒኗን እንደምትተው ሲሰማም ሁለተኛ እንዳታቋርጥ ነገራት።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ "እንደ የሺ ሆናለች ብለሽ ነው አይደል?" አለችኝ። "ፈርቼ ነበር" አልኳት።

"እኔም እፈራለሁ እኮ" አለች። "ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን ስጨርስ የሁላችሁንም ስም በተራ እጠራለሁ። ማን እንደጠፋብኝ ልወቅ ብዬ።"

እኔ ያን ሁሉ ሳነብ፣ እሷ ለብቻዋ ይህን ታደርግ ነበር። እጇን እንደያዝኩ ቤት ደረስን።

ክትባቱ ለዚያኛውም ይረዳት እንደሆነ አላውቅም፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ማንበቤን ግን አልተውኩም። አሁን እናቴ አዲስ አበባ ናት። ጠዋት ስደውልላት ስማችንን እንድትጠራልኝ እጠይቃታለሁ፤ እየሳቀች ትጠራልኛለች። እኔ ሦስተኛ ልጇ ነኝ። ተራዬ እስኪደርስ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።