ጫማ አውልቀው ይግቡ

ማስታወቂያውን የጻፈችውም የለጠፈችውም ውብአየሁ ራሷ ናት። «ጫማ አውልቀው ይግቡ» ይላል፤ በትልልቁ ተጽፎ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ታይፒስት ናትና በዕድሜዋ ብዙ ነገር ጽፋለች። እንደዚህች ሦስት ቃል የጸጸታት ግን የለም።

በ1989 ዓ.ም. አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ለነበረ አንድ ትንሽ የመስኖ ጥናት ቢሮ አምስት ኮምፒውተር ሲመጣለት፣ ጣቷ ፈጣን ነው ተብላ አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና የተላከችው እሷ ነበረች። አሠልጣኙ ቫይረስ ስለሚባል ነገር ነገራቸው። ሰው ሆን ብሎ የሚሠራው ተንኮል ነው፤ በዲስኬት ተሳፍሮ ይገባል፤ ኮምፒውተሮቹ በገመድ ከተያያዙ ካንዱ ወዳንዱ ይሻገራል አላቸው። ውብአየሁ በደብተሯ ሦስት ነገር ጻፈች። ያልታወቀ ዲስኬት አይገባም፣ ዋናው ሥራ ያለበት ኮምፒውተር ከገመዱ ይለያል፣ ሁልጊዜ ግልባጭ ይያዛል። በመጨረሻው ቀን ኮምፒውተር አቧራ እንደማይወድ ስለተነገራቸው እሱንም ከታች ጨመረችው፤ ስትመለስም ማስታወቂያውን የቢሮው በር ላይ ለጠፈች።

ቢሮው ከአራቱ የወደደው ያንን የመጨረሻውን ነው። ቫይረስ በሽታ ነው፣ በሽታ ደግሞ ከቆሻሻ ይመጣል፤ አለቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሙሉዬ ወለሉን በየቀኑ በመድኃኒት ታጥባለች። ኃላፊው አቶ ሸዋንዳኝ ሳይቀሩ በር ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ። ከአዋሳ የመጣ የተከበረ እንግዳ ቀዳዳ ካልሲውን እየደበቀ በጣቱ ሲራመድ ታይቷል። ዲስኬት በኪሱ ይዞ የሚገባን ግን የት ትሄዳለህ የሚለው የለም። ውብአየሁ ስለ ዲስኬት አፏን ስትከፍት ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ስትወቅጥ ኖረች።

እንዲህ የምትንገበገበው ለአምስት ሣጥን ብላ አልነበረም። አባባ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ የጋሞ ሽማግሌ፣ ኩልፎ ወንዝ ውስጥ ከተተከለው መለኪያ ላይ የውሃውን ከፍታ ጠዋትና ማታ እያነበቡ አሥራ ስድስት ዓመት በደብተር ጽፈዋል። ልጃቸው የሞተ ዕለት እንኳ ከለቅሶ ድንኳን ተነሥተው ሄደው አንብበው ተመልሰዋል። ኩልፎ ሲቆጣ ከዳር ያለውን የሙዝ ማሳ ይጠርጋል፤ የእሳቸውንም ሁለት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ጎርፉን የሚመልስ ግድብ ለመሥራት መሐንዲሶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ቁጥር ነው፤ ሊመጡም ቀጠሮ የያዙት ለሰኔ ነበር። ውብአየሁ ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ቁጥር፣ ሰባት ይሁን አንድ ያልለየላትን እሳቸውን እየጠየቀች፣ ዓመት ከመንፈቅ ቁጭ ብላ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው።

ደብተሮቹስ? ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲያ ወረቀት ምስጥ ከመጥራት በቀር ምን ይሠራል ተብሎ ጓሮ ተቃጠሉ። ብትጮህ ብትለምን «ውብዬ፣ ሥልጣኔን አትፍሪ እንጂ» አሏት አቶ ሸዋንዳኝ፣ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ። እሷም ሥራውን በአራት ዲስኬት ገልብጣ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁጥሩ ያለበትን የራሷን ኮምፒውተር ደግሞ ከገመዱ ነቀለችው። ያኔ ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳት።

በ1991 ዓ.ም. ፋሲካ ባለፈ ሳምንት አቶ ሸዋንዳኝ አንድ ዲስኬት ይዘው፣ በካልሲያቸው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ልጃቸውን ኑሃሚንን ሊድሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው የሰርግ ጥሪ ካርድ መሥሪያ ፕሮግራም ልኮላቸዋል፤ ጽጌረዳ አለው፣ ቀለበት አለው፣ ርግብ አለው።

«ይችን አስገቢና የልጅሽን ካርድ አሳምሪልኝ።»

«ጋሼ፣ ሳይመረመር ባይገባ ይሻላል። በሽታ ካለበት…»

«ከወንድሜ ቤት እኮ ነው የመጣው! የወንድሜን ቤት በሽታ አለበት ልትይኝ ነው?»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም…»

«ደግሞ ያንን ገመድ ማነው የነቀለው? ማተሚያው እኮ እዚያኛው ላይ ነው ያለው። ስኪው እስቲ።»

ምን ትበል? ስለ ሥራ ቢሆን ትከራከር ነበር። ሰርግ ነው። የኃላፊ ልጅ ሰርግ፣ ያውም ዕድሜ ልኳን «እትዬ» እያለቻት ያደገች ልጅ። ካርዷን አልሠራም ያለች ሴት በሴቻ በምን ዓይኗ ትዞራለች? ይሉኝታ ሲይዝ ከገመድ ይብሳል። ገመዱን መልሳ ሰካች፣ ዲስኬቱንም አስገባች። የኑሃሚን ካርድ በጽጌረዳ ተከቦ ወጣ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ካርዱን ያየ ሁሉ ፕሮግራሙን ፈለገው። አርብ ዕለት ውብአየሁ ጫኖ መንደር ለቅሶ ሄደች። ሰኞ፣ ሚያዝያ 18 ጠዋት ተመልሳ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና የኮምፒውተሯን ማብሪያ ተጫነች። መስኮቱ ጥቁር ነው። ሁለተኛውን ሞከረች፤ ጥቁር። አምስቱም እንደዚያው። ከአዲስ አበባ በስልክ የተገኘ ባለሙያ ኋላ ለውብአየሁ እንዳስረዳት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ የገባው ቫይረስ ያችን ቀን ጠብቆ የሚነሣና ያገኘውን ሁሉ የሚያጠፋ ኖሯል።

ወደ መሳቢያው ሮጠች። ባዶ ነው።

«ውይ፣ እነሱን አርብ ዕለት ወሰድኳቸው» አለ ጋሻዬ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ የመሳቢያውን መለዋወጫ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። «ታች ሲቀላ ሰፈር ያሉ ቢሮዎች የካርዱን ፕሮግራም ለምነውን፣ ዲስኬት ደግሞ አልቆብናል። ያለባቸውን አጥፍቼ በነሱ ገለበጥኩላቸው። ለአራት ዲስኬት ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?»

ልትመታው እጇ ተነሥቶ ነበር። ወርዶ የራሷን ራስ ያዘ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ሸዋንዳኝ ሰብሳቢ፣ ጋሻዬ ጸሐፊ፣ ውብአየሁ አባል። የተደረሰበትም ውሳኔ ጉዳቱ የደረሰው «ከውጭ የሚገቡ ሰዎች በእግራቸው ይዘውት በሚገቡት ጭቃና አቧራ» መሆኑና ለወደፊቱም ካልሲ ጭምር እንዲወልቅ ነበር። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው አጽናኗት አቶ ሸዋንዳኝ። የፈሰሰውን ውሃ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ የመዘገበ ሰው እንዳለ ልትነግራቸው አሰበች፤ ሰርጉ አሥር ቀን ነበር የቀረው። ፈረመች። ምክንያት አይፈለግላትም፤ ፈራች።

የወሩ መጨረሻ ላይ አባባ ወልደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው የወሩን ንባብ ይዘው ከኩልፎ በእግራቸው ዳገቱን ወጡ። ወሬው ቀድሟቸዋል። በር ላይ እንኳ አልደረሱም፤ በረባሷቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆመው ቀሩ። እግራቸው ታጥቦ ታጥቦ ገርጥቷል።

«አባባ፣ ምነው? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ ልጄ። ባለፈው ወር መጣሁ፤ ዝናብ ነበረ። እግሬን ታጠብኩ፤ ጥፍሬ ውስጥ ግን ጭቃ ቀረ። አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም ብዬ ገባሁ።» እግራቸውን ተመለከቱ። «አሥራ ስድስት ዓመት በእጄ ጻፍኩት፣ በእግሬ ገደልኩት።»

ውብአየሁ የውስጥ እሳቷ ያን ጊዜ ነው ገንፍሎ የወጣው። በእሳቸው ላይ አልነበረም። ዞረች፣ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ገነጠለችው።

«ጭቃዎ አይደለም፣ አባባ! ዲስኬቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። የጋሽ ሸዋንዳኝ የሰርግ ካርድ ነው የገደለው። እኔ አውቃለሁ፤ አውቄ በእርስዎ እግር ላይ ፈረምኩ!»

የኃላፊው መስኮት ክፍት ነበር። አቶ ሸዋንዳኝ ከውስጥ ሳብ አድርገው ዘጉት። ሙሉዬ መወልወያዋን ይዛ ቀጥ አለች።

«በረባሶዎን ያድርጉና ይግቡ» አለች ውብአየሁ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

ሽማግሌው ያመኗት አይመስሉም። በረባሷቸውን አደረጉ፤ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ሶሉን ሁለት ጊዜ ፈተጉት፣ ከዚያም በጣታቸው እየተራመዱ ገቡ። በጨለመው ኮምፒውተር ፊት ጥቂት ቆሙ። ከደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈውን የሚያዝያን ወረቀት አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ይሄን የት ታደርጊዋለሽ?» አሉ፤ «እንዳይጠፋ።»