ዝም ያለው ፊውዝ

መብራት የሚቆጥብ ሰው ብልህ ነው ይባላል። አይደለም። መብራት የሚቆጥብ ሰው ፈሪ ነው። ብልህ ሰው አምፖሉን አብርቶ፣ ወንበሩን አመቻችቶ መጽሐፉን ያነባል፤ ፈሪ ሰው አንድ ገጽ ካነበበ በኋላ ተነሥቶ ግድግዳ ይዳብሳል። ይህን በልበ ሙሉነት የምናገረው የካዛንቺስ አንደኛ ፈሪ በነበሩ ሴትዮ እግር ሥር ስላደግኩ ነው። እትዬ ዘነበች ይባላሉ።

ከጥቂት ቀናት በፊት ላንቻ ያለውን የቤቴን ደረጃ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ዓሣ ሲሸተው ይርበዋል። እኔ የያዝኩትን ፌስታል መሬት አስቀምጬ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አተኩሬ ሳሸተው ዓሣ አልነበረም። ከዓሣው ሥር ጎምዘዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ የላስቲክ ሽታ ነበረበት። ይህን ሽታ ከዚያ በፊት ያሸተትኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ግቢያችን ስድስት ቤት ነበረው። ስድስቱም የቀበሌ፣ ስድስቱም ጭቃ፣ ስድስቱም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ። ኮርኒሳችን ኖራ የተቀባ አቡጀዴ ነበር፤ አይጥ ሲሮጥበት ሆዱ ወደ ታች እየረገበ እየተነሣ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳየናል። ቆጣሪ ግን የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እትዬ ዘነበች ግድግዳ ላይ። ከእሳቸው ቤት አምስት ገመድ እንደ ልብስ ማስጫ ወጥቶ በአምስታችን ጣሪያ ሥር ይገባል። የቆጣሪው ጥቁር ሣጥን ትንሽ መስኮት ነበረችው፤ በመስኮቷ ውስጥ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያላት ስስ ሳህን ትዞራለች። ማታ ማታ አምፖል ብቻ ሲበራ እያዛጋች ነው የምትዞረው። ካውያ ሲሰካ ትሮጣለች።

እትዬ ዘነበች በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሴት ነበሩ። በጋም ሆነ ክረምት ግራጫ ሹራብ ከላያቸው አይወርድም፤ በሹራቡ ኪስ ውስጥ ክብሪትና የሻማ ጉማጅ አይጠፋም። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም፤ ከቆጣሪው ጋር ግን ጆሯቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

ያኔ መብራታችን በየምሽቱ ይጠፋ ነበር። ከቆጣሪው ሥር ነጭ የሸክላ ፊውዝ ነበረ፤ በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለ። አንዱ ቤት ስቶቭ አብርቶ ሌላው ካውያ ከሰካ ሽቦው ቷ ብሎ ይበጠሳል። ስድስቱ ቤት በአንድ አፍ "ሄደ!" ይላል። እትዬ ዘነበች ሻማቸውን አብርተው፣ ዱካ ላይ ወጥተው፣ አዲስ ሽቦ ጠምጥመው ይወርዳሉ። በሳምንት አራትና አምስት ቀን እንዲህ ነበር።

ነገሩን "ያስተካከለው" አባቴ ነው። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በግቢያችን ክራባት የሚያስረው እሱ ብቻ ስለሆነ ስለ ሁሉም ነገር ያውቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ላለማሳጣት ደግሞ ብዙ ይደክማል። አንድ እሑድ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን እንደ ክብሪት እንጨት የወፈረ የመዳብ ሽቦ ይዞ መጣና ዱካው ላይ ወጣ። ፀጉር የመሰለውን ሽቦ አውልቆ ጣለው፣ በምትኩ መዳቡን ጠመጠመበት።

"በቃ። ከእንግዲህ አይቃጠልም" አለ እጁን እያራገፈ።

ግቢው አጨበጨበ። እትዬ ዘነበች ብቻ ቀና ብለው አዩት።

"ታዲያ ሲከብደው ምን ሊል ነው?"

"ምንም አይልም እትዬ፤ ዝም ይላል።"

"ዝም ካለ እኮ ነው የምፈራው" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊውዙ በእርግጥም ዝም አለ፤ እትዬ ዘነበች ግን መናገር ጀመሩ። ሳህኗ መሮጥ በጀመረች ቁጥር በራቸው ላይ ቆመው "ማነው የሰካው? ካውያና ስቶቭ አብሮ አይሆንም ብያለሁ!" ይላሉ። ሰዉ ሁሉ "እኔ አይደለሁም" ይላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤት ለቤት ይዞራሉ። እንደምን አመሻችሁ ሳይሉ ይገቡና የእጃቸውን ጀርባ፣ ልክ የልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። ከማብሪያ ማጥፊያው ይነሣሉ፣ ገመዱ እስከሚገባበት ጥግ ድረስ ይሄዳሉ። ከሞቃቸው "አጥፉ" ይላሉ፤ ይወጣሉ። እኛ ልጆቹ ስማቸውን እትዬ አጥፉ አልነው። ትልልቆቹ ደግሞ ቋጣሪ ናቸው፣ ብር ሊያተርፉ ነው ይሏቸው ነበር። ጋሽ ተካ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ጎረቤታችን፣ ከቀልዱና ከቴፑ በቀር ማንንም የማያስቸግር ሰው፣ "እትዬ ዘነበች ገነት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት 'ይሄ ሁሉ ብርሃን ለማነው?' ብለው ነው" እያለ ያስቀን ነበር። አጠገባቸው ነበር የሚለው። እሳቸው ግን የሱንም ግድግዳ ይነካሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ለገሃር አካባቢ ለቅሶ ሄዱ። ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱ በር ላይ ቆመው "እስክመጣ በግቢው አንድ ዕቃ ብቻ ይሰካ" ብለው አስጠንቅቀዋል። ከበሩ ሲወጡ ግን ግቢው አስተማሪ ጥሎት የወጣ ክፍል ሆነ። ጋሽ ተካ ቴፑን እስከ ጥግ ከፈተው። አንዱ ቤት ስቶቭ፣ ሌላው ቤት ምጣድ ሰካ። እኔ በማግስቱ የወላጆች ቀን ስለነበረ፣ በመድረክ ጽሑፍ ስለማነብ፣ ሽንሽን ጉርዴን መተኮስ ነበረብኝ። ካውያውን ሰካሁ። መጀመሪያ ፈራ ተባ አልኩ፤ ምንም አልሆነም። ፊውዙ ዝም። ከዚያ ጉርዱን ጨርሼ ሸሚዙን፣ ሸሚዙን ጨርሼ ጭራሽ የማልለብሰውን ሻርፕ ተኮስኩ። እንደ ልቤ መተኮስ እንዴት ደስ ይል እንደነበር ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

መሐል ላይ ዓሣ ሸተተኝ። ማን ዓሣ ጠበሰ ብዬ ቀናሁ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

እትዬ ዘነበች ለቅሶ ቤት እህል ሳይቀምሱ ነበር የተመለሱት። በኋላ ሲጠየቁ "አላስቀምጥ አለኝ" ነው ያሉት። የግቢውን በር ከፍተው ሁለት እርምጃ ገቡና ቆሙ። አፍንጫቸው ሲሰፋ በመስኮት አየኋቸው።

"ዓሣ ማን ሠራ?" አሉ።

ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሮጡ። ከቤታቸው ውስጥ የቆጣሪው ማጥፊያ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ የጋሽ ተካ ዘፋኝ አፉን እንደከፈተ ቀረ። "ኧረ እትዬ! ኧረ ምን አጠፋን?" የሚል ጩኸት ከየቤቱ ሲነሣ እሳቸው እኛ ቤት ውስጥ ነበሩ። ካውያውን አልጋ ሥር የከተትኩት ለጥቂት ነው። የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ በዝግታ፣ ወደ ላይ ተጓዙ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። በለቅሶ ነጠላቸው፣ ከነጫማቸው የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ወጡና አቡጀዴውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀደዱት።

የዓመታት አቧራ ወረደብን። ከአቧራው በስተጀርባ የገመዱ ላስቲክ ቀልጦ ምሰሶው ላይ እንደ ማር ወርዷል። ከጭቃው ወጣ ያለው ጭድ ውስጥ አንድ ቀይ ነጥብ ነበረች። ከባቄላ አትበልጥም። ታበራለች፣ ትደበዝዛለች፣ ታበራለች፤ የምትተነፍስ ነው የምትመስለው። እትዬ ዘነበች በመዳፋቸው ጨፈለቋት።

"ውሃ!"

አባቴ ጆጉን አቀበላቸው። ጭዱን አራሱት፣ ምሰሶውን አራሱት። ስድስት ቤት፣ በየቤቱ ሕፃን፣ አንድ ጠባብ በር። ሁሉም በልቡ ይህንኑ እየቆጠረ እንደነበር ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ዝምታውን የሰበረው አባቴ ነው፤ ምነው ባልሰበረው።

"ትንሽ ነገር ነች እኮ እትዬ። አጋነኑት" አለ።

እጃቸው ላይ ውሃ የቋጠረውን ቁስል ይዘው አዩት። ስድብ ጠበቅኩ። "መዳቡን አውጣው" ብቻ ነው ያሉት። ዞር ሲሉ ዓይናቸው አልጋው ሥር አረፈ። ካውያው ገና ትኩስ ነበር፤ ያረፈበት ምንጣፍ መሽተት ጀምሯል። አሁን ለአባቴ ይነግሩታል ብዬ አሰብኩ። እጄን ያዙና ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ፤ ገልብጠው ጀርባውን ካልረጠበው ግድግዳ ላይ አስቀመጡት። ግድግዳው እንደ ታመመ ሰው ግንባር ይፋጅ ነበር።

"ይኼ ሙቀት ይታወቅሽ" አሉ ቀስ ብለው። ስለ ካውያው ለማንም አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ።

አባቴ ሽቦውን እስኪቀይር ሁለት ቀን አኮረፈ፤ ሁለት ቀን በጨለማ ተቀመጥን፤ ግቢው እሳቸውን ረገመ። ከዚያ ቀጭኑ ሽቦ ተመለሰ፣ መብራቱም በየምሽቱ መጥፋቱን ቀጠለ። ሁላችንም ተናደን "ሄደ!" ስንል እትዬ ዘነበች በሻማቸው ብርሃን ፈገግ ሲሉ አይ ነበር። መዞራቸው ግን አልቀረም። አንዴ የፈራ ሰው በፊውዝ አይረካም።

ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ "ቆጣቢ ነበሩ" ተባለ። ሰዉ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ያልተናገርኩት ካውያው አሁንም አልጋ ሥር ስለነበረ ነው።

ግቢያችን ዛሬ የለም። ሠፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ ቤታችን ነበረበት ብዬ ከምገምተው ቦታ ላይ አምፖል የተጠመጠመበት ዘንባባ ቆሟል። ቀትር ላይ ሳልፍ በርቶ አየሁት። ይሄ ሁሉ ብርሃን ለማነው?

ወደ ደረጃዬ ልመለስ። ሽታው ከሚወጣበት በር ላይ አንኳኳሁ። በቅርቡ የገባ ወጣት ጎረቤቴ ከፈተልኝ። ከኋላው በአንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ስቶቭ ተሰክቶ ይታየኛል።

"ዓሣ እየሸተተ ነው" አልኩት።

"ኧረ ማዘር፣ ዓሣ አልሠራሁም።"

"መብራትህ ተበላሽቶ ነበር?"

"አዎ፣ ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ ትናንት በትልቅ አስቀየርኩት። አሁን አሪፍ ነው። ከእንግዲህ አይወድቅም።"

የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ክራባቱ ብቻ ነው የቀረው። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ብዙ ያነበበ ሰው እንደሚያደርገው ረጅም ነገር ልናገር ነበር። ተውኩት።

"እጅህን አምጣ" አልኩት።

"ቢል በዝቶብዎት ነው እንዴ?" አለ እየሳቀ፤ ግን ሰጠኝ። ገለበጥኩትና ጀርባውን ከዲቫይደሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አሳረፍኩለት። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ሄዶ ብሬከሩን አወረደው፤ ፍሪጁ አንድ ጊዜ ተንዘፍዝፎ ጸጥ አለ።

ልጄ ማታ ማታ ስዞር ሲያየኝ "እማዬ፣ ግድግዳው ዛሬ ስንት ዲግሪ አለው?" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እጁን አንድ ቀን እወስደዋለሁ።

እናንተም ይህን ጽሑፍ አሁን አስቀምጡት። ተነሡ። ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ዕቃ የተሰካበትን ሶኬት ፈልጉና አጠገቡ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከሞቀ አጥፉ።